በወደቀ ሰው መሳቅን ስላስተማሩን

ለክቡር አቶ ገዳሙ፣ የ«ጥላ ዛፍ» አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎና ከነድምፅ ማጉያዎ እንደምን ሰነበቱ? የድምፅ ማጉያዎን ጤና የምጠይቀው ባለፈው እሑድ በእኛ ምክንያት ብዙ ስለ ደከመ ነው።

በዚያ ዕለት ዘፈንና ጭፈራ ያለበት የድሮ የአሜሪካ አስቂኝ ፊልም ለከተማው ሕዝብ በነጻ ስላሳዩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከደብረ ኤልያስ ልትጠይቀኝ የመጣችውን እናቴን፣ ወይዘሮ ፋንታነሽን፣ ትደሰት ብዬ ይዣት የመጣሁትም እኔው ነኝ። ሆኖም በታላቅ ትሕትና የማቀርባቸው ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

1ኛ. እናቴ ፊልም ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ባርኔጣ የደፋው ቀጭን ሰውዬ ከመሰላል ሲወድቅ «እኔን!» አለች። ባልዲ አደናቅፎት በደረቱ ሲነጠፍም «እኔን ልጄ!» አለች። ወዲያው ተነሥቶ መዝፈን ሲጀምር ደግሞ መትረፉን አይታ እልል አለችለት። ሰው ሲወድቅ በአገራችን «እኔን» እንደሚባል እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም፤ ወድቀው የማያውቁ ከሆነ ግን ይቅርታዎን እለምናለሁ።

2ኛ. ፊልሙን አስቁመው፣ መብራት አስበርተው፣ «እዚያ ጋ ያሉት እናት፣ ይህ ኮሜዲ ነው፤ ሲወድቅ ይሳቃል እንጂ አይታዘንም» ብለው በድምፅ ማጉያ ስላስተማሩን እግዜር ይስጥልን። ትምህርቱ ወዲያው ገባን። በዚያ ምስኪን ሰውዬ እንኳ ያልተሳቀውን ሳቅ፣ አዳራሹ በሙሉ ወደ እናቴ ዞሮ ሳቀባት። እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አላለችም። ሰውዬው ከዚያ በኋላም መውደቁን አልተወም፤ ያዘነለት ግን አልነበረም።

3ኛ. ይህኛው እርስዎን አይመለከትም። አጠገቧ የተቀመጥሁት እኔ፣ አስተማሪ ተብዬው፣ እጇን ይዤ ከመነሣት ይልቅ በእናቴ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። አሁን የማፍረው በዚያ ማፈሬ ነው። ይህን በግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎም ሐፍረቱ ለብቻዬ ከብዶኝ፣ ግማሹን ቢያግዙኝ ብዬ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ትርኢት በዚያው ድምፅ ማጉያ እናቴን ይቅርታ እንዲጠይቁልኝ እለምናለሁ። ሥራ ከበዛብዎ ግን፣ የትኛው አወዳደቅ እንደሚሳቅበትና የትኛው እንደሚታዘንለት ለይተው መመሪያ ያውጡልን።

ዕድሜዎን አርዝሞ፣ አወዳደቅዎን ያሳምርልዎ እያልሁ እጅ እነሣለሁ።

የትምህርትዎ ተጠቃሚ፣
ይስማው ሙላት

ማስታወሻ፦ መመሪያው ቢፈጥን ደስ ይለኛል። ሰኞ ጠዋት እናቴን ወደ መናኸሪያ ልሸኝ ጓዟን ተሸክሜ ስወጣ ደጃፉ አዳልጦኝ ወደቅሁ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘችና ግራ ቀኙን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ይሄ የሚሳቅበት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።