አንድ ቃል የቀረው ሰው

ሰኞ፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፵፱

ካሳ ዛሬም መጣ። ከማክሰኝት ድረስ በማኪና፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ። የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ አይደለም። አልጋው አጠገብ ቆመና «ደምሴ ወንድሜ፣ የአባታችን ቤት ወደ እኔ ይመለስ፣ አይደል?» አለው። ባለቤቴ «እሺ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ሰማችሁ፤ ኑዛዜ ማለት ይኸው ነው» አለ ካሳ።

ምን ሰሙ? ደምሴ በመስቀል ሰሞን ሱቁ ውስጥ ከወደቀ ወዲህ ከአፉ የሚወጣው ይኸው አንድ ቃል ነው። ውሃ ሲጠማው እሺ። ሲያመው እሺ። ቀኝ ጎኑም ሽባ ሆኗል።

ልጅ የለንም። ቤቱ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ እኔ ባዶ እጄን ነው የገባሁበት። ቃሉ ለካሳ ከጸና በዚህ ዕድሜዬ ደጅ መውደቄ ነው። የነፍስ አባቱ መምሬ ተሰማ ሳይሰሙ አይሆንም ብዬ ጮህሁ። ለዓርብ ተቀጠረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፩

ሐኪም ቤት ሄድሁ። ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ አናገረኝ። ወረቀት ላይ አንጎል ሣለልኝ፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ጥቅል ጎመን ይመስላል። ግራውን በእርሳስ አጠቆረ። ደም የተዘጋው እዚህ ነው አለ። ነገር የሚሰማበት ቦታ ደህና ነው፤ ቃል የሚያወጣበት ነው የሞተው።

«ታዲያ እሺ ከየት መጣ?» አልሁት።

ለአንዳንድ ሰው አንድ ቃል ይተርፈዋል፣ ለአንዳንዱ ስድብ ብቻ ይተርፈዋል አለ። ምነው ለደምሴም ስድቡ በተረፈው! ካሳን ባሰናበተልኝ።

ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ደምሴ ሥራውን ከጣሊያን የተማረ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ሱቁን ስጠርግ ስንቴ አይቻለሁ፦ መብራቱ ይበራል፣ መርፌው ይሄዳል፣ ጣቢያውን ይይዛል፣ ድምፅ ግን የለም። «ይሄ ይሰማል፤ የድምፅ ማውጫው ነው የተቃጠለ» ይላል ለደንበኛው። ከኋላ ያለውን የሽቦ ጥቅል ይፈታና እንደገና ይጠመጥመዋል። የአንጎሉም ማውጫ እንደገና ይጠመጠም እንደሆን ሐኪሙን አስጠየቅሁት። አስተርጓሚው ሳቀ። ሐኪሙ አልሳቀም። አይሆንም አለ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን አልሳምሁም። ማን ይጠብቅልኛል?

ሰሃን ላይ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና አንድ የተቃጠለ የራዲዮ አምፖል አደረግሁና «የተቃጠለውን አንሣ» አልሁት። አነሣ። «ካቻቪቴውን።» አነሣ። ሦስተኛ ስጠይቀው ሰሃኑን ገፍቶ ወደ ግድግዳው ዞረ። እንደ ሕፃን መጠየቁ ከንክኖታል። ያው ደምሴ ነው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁ። አፍ በነበረው ዘመን አንድ ሸጋ ቃል አልተነፈሰልኝም። ፊደል እንኳ የቆጠርሁት በእርጅናዬ፣ ከጎረቤት ልጅ ነው። እሱ ማንበብ እያወቀ አንድ ቀን «ነይ ላሳይሽ» አላለኝም። የማወራው ከወረቀት ጋር የሆነው ለዚህ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፬

መጡ። መምሬ ተሰማ፣ ካሳ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች። ካሳ ያንኑ ጠየቀ፤ ደምሴ ያንኑ መለሰ።

«እኔም ልጠይቀው» አልሁ።

«ጠይቂው» አሉ መምሬ።

«ጌታው፣ ላሚቱን ለጅብ ልስጣት?»

«እሺ።»

«ካሳን በፍልጥ ልበለው?»

«እሺ።»

«ለመምሬ ሁለተኛ ሚስት እንፈልግላቸው?»

«እሺ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ውበቱ፣ ጋቢው እስኪወድቅ ሳቀና ስሜን ጠርቶ ገሠጸኝ። «ምነው እመት ይመኙሻል፣ ቄሱን እንኳ ተዪአቸው!»

ካሳ ግን ቀለሙ ተለወጠ። «ይኸው፣ አእምሮውን ስቷል! አእምሮ የሌለው ሰው ቤት ለወንድሙ ነው» አለ። ጉድ እኮ ነው። ሲጠቅመው ኑዛዜ፣ ሳይጠቅመው እብደት።

ሰሃኑን አመጣሁ። መምሬ ራሳቸው ጠየቁት። አንድም አልሳተም። ጺማቸውን ይዘው «አፉ ታስሮ ልቡ ያለ ሰው በእጁ ይናዘዛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን» አሉ።

ካሳ ሳይሰናበተኝ ወጣ። አሸነፍሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፭

ጾም ገባ።

ምኑን ነው ያሸነፍሁት? ልቡ እንዳለ ያስመሰከርሁት እኔው ነኝ። ልብ ያለው ሰው ደግሞ ወንድሙን ሊመርጥ ይችላል። አንድ ጡት ጠብተው ያደጉ ናቸው። እኔ አበሰልሁ፣ አጠብሁ፣ ተነጫነጭሁ። ሐኪሙ ሳይነግረኝ በፊት፣ አይሰማም ብዬ፣ አልጋው ሥር ስንት ነገር ተናግሬአለሁ። «በሞትህና ባረፍሁ» ብየዋለሁ። ለካ ሁሉንም ሰምቶታል።

እሑድ፣ ኅዳር ፲፮

መምሬ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። «ደምሴ ልጄ፣ ቤቱ ከአንተ በኋላ ለማን ይሁን? የምትሰጠውን ሰው እጅ ያዝ።» እኔና ካሳ በደህናው ጎኑ በኩል ተቀምጠን እጃችንን ዘረጋን።

እጁ መጀመሪያ ወደ ካሳ ሄደ። መዳፉን ነካው፣ ቆየበት። ከዚያ ተወውና አውራ ጣቴን ያዘ። አጥብቆ አይደለም። ጣራውን ነበር የሚያየው።

«ተደናግሮ ነው! መጀመሪያ የነካው የኔን ነው!» ብሎ ካሳ ጮኸ። አያ ውበቱ ለኔ፣ ሌላው ሽማግሌ ለካሳ ሆኑ። መምሬ ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው። «በሚመጣው እሑድ ይደገም። ዳግመኛ ይህችኑ እጅ ከያዘ ምስክሩ እኔ ነኝ፤ ማንም አያነሣውም።»

እንግዲህ ሳምንቱን እንዴት ልያዘው? ክፉ ብናገር እጁ ይዞርብኛል። ደግ ብሆን ለቤቱ ብላ ነው ይላል፤ ሞኝ አይደለም። ክፉም ደግም ሳልል አጥሚቱን አጠጣሁት። እሱ እስኪጨርስ ድረስ ዓይኑን ከፊቴ አላነሣም።