ያልታረመው ስብከት

ጥቅምት 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

የድሮ ስብከት ካሴት ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩ ነው። መብራት አለ፤ ቴፑ ይሠራል። እሑድ የቤ/ክ ምሥረታ በዓል ነው። በልማዳችን አንጋፋው ሰባኪ ከድሮ ስብከቶቹ አንዱን እንዳለ ያነባል። አንጋፋው መጋቢ ዮናስ ነው፤ ዐይኑ ስለደከመ በትልልቅ ፊደል ተይብልኝ አለኝ። ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ ለዚህ አያንስም።

ከድሮ ስብከቶቹ የተረፈው ካሴት አንድ ነው። እህቴ አስቴር ሙስሊም በማግባቷ ከነአባቷ ስም ተጠርታ የታገደችበት። ማስታወሻዬ፣ ድምፁን እየሰማሁ ቃል በቃል ጻፍኩ።

ረቡዕ፣ 6፣ ከሰዓት

መጋቢ ዮናስ መጣ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ ነው። በማጉያ መነጽር አነበበ፣ እርሳስ አነሳ። «ፍርድ» ያለውን «ፈውስ» አደረገው። «ትታገድ» የሚለውን «በጸሎት እናስባት»። የሰው ጆሮ ተለውጧል አለ።

እውነት ነው። እሑድ እሑድ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ከስብከቱ ገሃነም ጠፋ። ከዚያ ኃጢአት ድካም ሆነ፣ ድካም ቁስል ሆነ። አሁን ሁሉም ነገር ከፍታ ነው። ቃል ያረጃል፤ በዚህ አልከሰውም። ጋዜጣ ላይ ግን ከተሳሳትን ተሳስተናል ብለን እርማት እናወጣ ነበር። እሱ እርማቱን ይፈልጋል፣ ስህተቱን አይፈልግም።

ሲወጣ፦ «ስሟንም አውጣው ወንድሜ፤ ለእናንተም ክብር ነው።» እስከ በር ሸኘሁት።

ሐሙስ፣ 7

ጎሮ ለምትኖረው ለአስቴር ደወልኩ። እንዳለ ላስነብበው ነው አልኳት። ሳቀች።

«ጋሼ፣ እሱን ለማሳፈር የኔን ስም ልታስጠራ ነው?»

አፈርኩ። ይህን አላሰብኩም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያሰብኩት የሱን ፊት ብቻ። ልተወው አልኳት። እናታችንን አነሳች፤ እገዳው ከታወጀበት እሑድ በኋላ የአስቴርን ደጅ ሳትረግጥ መሞቷን።

«ይጥራኝ። ግን እኔ ፊቱ ተቀምጬ።»

ትመጫለሽ ወይ?

«ኤዬ፣ እመጣለሁ። ከድርም ይመጣል፣ ያገባሁትን ይየው።»

ቅዳሜ፣ 9፣ ጠዋት

አለቀ። ከእርሳሱ ምልክት አንዱንም አልተቀበልኩም። ስሟ አለ፣ የአባታችንም አለ። መጋቢው ዛሬ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ እየተየብኩ ነው አልኩት። ነገ መድረክ ላይ ሲወጣ በእጁ እሰጠዋለሁ። ማንበቡን ካቆመ፣ ለምን እንዳቆመ ለሕዝቡ ይንገር። ካነበበም ያንብብ። ከፊት ሁለት ወንበር ይዣለሁ።