በኢንቲሳር ስም ያለው ቤት

መስከረም 20
ሁዜይፋ የቤቱን ኪራይ ሰጠኝ። ከካርቱም ተፈናቅሎ ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። ከዚያ ወደ ሥራ... በሰው መጭመቂያ ሰሊጥ ስጨምቅ ዋልኩ። ባለቤቱ መጭመቂያውን ሊሸጠው ነው አሉ። ሌላ ከገዛው እኔስ ምን ልበላ?

መስከረም 23
ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ። የቤቱ ዋጋ ስንት እጥፍ ወጥቷል፣ እኔ እጅ የሚገባው ግን ያችው የወር ኪራይ! ለሁዜይፋ በወለድ አገድ ብሰጠውስ? መጭመቂያውን የምገዛበትን ገንዘብ ባንዴ ያበድረኛል፤ በወለዱ ፈንታ ሁለት ዓመት ያለ ኪራይ ይኖራል። ስመልስለት ቤቴን እረከባለሁ። ነገርኩት፣ ደስ አለው። ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት ትፈርም አለ እንጂ።

መስከረም 24
ወረቀቱ ላይ ያለችው ኢንቲሳር ናት፣ ሱዳናዊቷ ጎረቤቴ። ያኔ ቤቱን ስገዛ፣ እዚህ ሱዳን እንደ እኔ ላለ ስደተኛ አይጻፍም ሲሉኝ ስሟን አዋሰችኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት... አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም። ሳታንኳኳ ትገባለች፣ ድስቴን ከፍታ ትቀምሳለች፣ ጨው አነሰው ብላ ትወጣለች። ቤቱ የእኔ ነው ብትልስ? በምን እረታታለሁ?

መስከረም 26
ራሴ ሄጄ ልጠይቃት ወጣሁና ከበሯ ተመለስኩ። ፈራሁ። ጋሽ ባንታምላክንና ሐጂ እስማኤልን ሽማግሌ ላክሁባት።

መስከረም 27
ፈረመች። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሳይጨርሱት ብዕር ጠየቀች አሉ። ሁዜይፋ ገንዘቡን ሲቆጥርልኝ እሷም ነበረች፤ አንዴም ቀና ብላ አላየችኝም። ተከትያት ወጣሁ።
«ያ ዙፋን» ብላ በስሜ ጠራችኝ፣ «ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው።» «እኛ መቼ ተጣላን?»
አፈርኩ።

ጥቅምት 3
መጭመቂያው የእኔ ሆነ። ሙሉ ቀን ሲያጓራ ውሎ ጆሮዬን አደነቆረው፣ ደስ ይላል። ኢንቲሳር ብቅ አላለችም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል...

ጥቅምት 12
የመጀመሪያውን ዘይት በጠርሙስ ወሰድኩላት። «አላህ ይባርክልሽ» አለች። ወንበር አመጣችልኝ። በዚያ ቤት ሁሌ የምቀመጠው አልጋዋ ጫፍ ላይ ነበር።

ጥቅምት 20
የኪራይ ቀን። እግሬ ለምዶ ወደ ሁዜይፋ መንገድ ጀምሬ ነበር፤ ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ። ተመልሼ ምስር ጣድኩ።
በሩ ተንኳኳ። ማነው ብዬ ወጣሁ። ኢንቲሳር ናት፣ ጠርሙሱን አጥባ ልትመልስ መጥታ ደጅ ቆማለች።
በሩ እኮ ክፍት ነበር።