ያስቀረኋት ምናልባት

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎበጥ ብለሽ ነው የምትሄጂው? ልጆቹስ? እኛ ደኅና ነን። እማዬም ጉልበቷ ከመድከሙ በቀር ደኅና ናት፤ ከዓይኗ ግን የሚያመልጥ ነገር የለም።

እኔ አሁንም ጎልማሶቼን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሰሞኑን «ሜይ»፣ «ማይት» እና «መስት» ላይ ነን። «ሜይ» ካልሽ ሊሆን ይችላል፤ «ማይት» ካልሽ ተስፋው ቀጠን ይላል፤ «መስት» ካልሽ ባታዪውም መሆኑ አይቀርም። ግንበኛው ተማሪዬ፣ እኛ ምናልባት ብለን የምንገላገለውን እነዚህ ሰዎች መዝነው ነው የሚሰጡት ብሎ ክፍሉን አሳቀው። እኔ የሠራሁትን ስለማውቅ አልሳቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሻችን ማሙሽ በወጥ ቤት ሠራተኛነት የተሳፈረባት መርከብ በሰጠመች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከባለመርከቦቹ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። ሌላ መርከብ አንስቶት ሊሆን ይችላል ይላል። እማዬ አፍ አፌን ስታየኝ አንጀቴ አልቻለም፤ ሌላ መርከብ አንስቶታል ብዬ አነበብኩላት። ደውላ ያበሠረችሽም ይኸንኑ ነው። ተማሪዬ ቢያደርገው ኖሮ በቀይ አሰምርበት ነበር።

በማግስቱ የማሙሽን ክፍል ቀለም አስቀባች፤ አዲስ ፍራሽም አስገዛችኝ። ተሸክሜ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤ ማክሰኞ መጣ። ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ዓርብ ጠዋት ሸሚዜን ልታጥብ ስትል አገኘችው። አልተቆጣችም። የፊተኛውን ከመሳቢያ አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸውና፣ ያኔ ዓይንህ ወረቀቱ ላይ ገና እየሄደ አፍህ ቀድሞ ጨርሶ ነበር፤ አይቼሃለሁ አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይሄኛውን አንድም ሳላስቀር እንዳነብላት አዘዘችኝ። አነበብኩ። ሦስት መስመር ነው፤ «ሜይ»ም «ማይት»ም፣ ሌላ መርከብም የለበትም።

እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ፣ ያኔ ያስቀረሃትን ምናልባት እዚህ ላይ አስገባልኝና ድገመው አለችኝ።

አስገብቼ ደገምኩላት።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እንግሊዝኛው አይጠፋሽም፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ክፍሉን እንዳለ ነው የምታገኚው፣ የፍራሹም ላስቲክ አልወለቀም። ቶሎ ነይ።

ፈጣሪ ያበርታሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

አንድ ወንድምሽ