«ጸሎተኛዋ» የፋብሪካ ሴት

ጥቅምት 5
«ዶክተሩን በከዘራ ቀጠቀጠችው» እየተባለ ይወራል። ሐሰት ነው። ከዘራዬን ያነሣሁት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ለማሳየት ነው። ጭንቅላቱን መሀል ያስገባው ራሱ ነው። ባለሱቁ እንኳ ስኳር እየመዘነ «እማማ፣ ስንቴ መቱት?» አለኝ። ወሬ እያስወራ ሚዛን ሊያጎድል...

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው «ከኅብረተሰቡ ጋር እንወያይ» ብሎ ሐሙስ ሐሙስ ሰፈራችን አዳራሽ ይመጣል። ውይይት ማለት እነሱ ሁለት ሰዓት ይናገራሉ፣ እኛ ሁለት ደቂቃ እንጠይቃለን። የትናንቱ ርእስ «የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሴቶች ዝምታ» ነበር። ፎቶው ላይ ሁለት ወጣት ሴቶች በማሽኖቹ መካከል እጃቸውን አንሥተዋል። ዶክተሩ «ተስፋ የቆረጠ ሰው ጸሎት ነው» አለ። ዓይኑንም አበሰ።

በስተግራ ያለችው እኔ ነኝ።

ማሽኑ ስለሚጮህ በእጅ ነበር የምናወራው። ያን ቀን «ካቦው መጣ፣ ሱሪው ከኋላ ተቀዷል» እያልኩ ነበር። ነገርኩት። ፈገግ ብሎ «እናታችን፣ ትዝታ አንዳንዴ ያታልላል» አለኝ። እኔን! ሳላውቅ እንዳልናገር በለምጭ የተማርኩትን!

በሚመጣው ወር ይህንኑ መጽሐፍ አድርጎ ያወጣዋል። እስከ ወዲያኛው ጸሎተኛ ሆኜ ልቀር ነው?

ጥቅምት 6
ምስክር ያስፈልጋል። በስተቀኝ ያለችው ቀጭኔ ናት፤ ስሙን ያወጣላት ቁመቷ ነው። ከእኔ ሦስተኛው በር ላይ ትኖራለች። ስምንት ዓመት ተኳርፈናል። የባለቤቴ ቀብር ላይ ዘግይታ መጣች፣ ሰዓቴን አየሁ። አየሁ እንጂ ምን አልኩ?

ጥቅምት 7
አልሄድኩም። ጉልበቴን አሞኛል። የትኛውን? እንጃ...

ጥቅምት 9
ሄድኩ። ማንኳኳት ዋጋ የለውም፣ ጆሮዋን ማሽኑ በልቶታል። መስኮቷ ሥር ቆሜ በእጄ «ካቦው መጣ» አልኳት። አየችኝ... መጋረጃውን ዘጋችው።

ይበለኝ። ፎቶው ያለበትን የስብሰባ መጥሪያ በበሩ ሥር አስገብቼ ተመለስኩ።

ጥቅምት 11
ዶክተሩ ያንኑ ፎቶ ሰቅሎ ያንኑ ዝምታ ሲተነትን ቀጭኔ ገባች። ግማሽ ሰዓት ዘግይታ። በሩ ጋ ቆማ እጇን አነሣች፤ «የዚህኛውስ ሱሪ ደህና ነው?»

«ገና አልዞረም» አልኳት፣ በእጄ።

ሳቋ አዳራሹን ሞላው። ዶክተሩ ደንግጦ «ምን እያላችሁ ነው?» አለ።

«እየጸለይን ነው!» አልኩት።

ፎቶውን ሊያይ ዞረ። ሁለታችንም ሱሪውን ከኋላ አየነው። ደህና ነው። ከዚያ የፎቶውን እጆችና የእኛን አስተያይቶ፣ ወረቀቱን አጥፎ እኛ አግዳሚ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ «እንግዲያው ያስተምሩን» አለ። መቼም እሱም ተማሪ ነበር። የሚመጣው ሐሙስ ሁለቱ ሰዓት የእኛ ነው። ለእሱ ሁለት ደቂቃ ፈቅደንለታል።

ስንወጣ ቀጭኔ በእጇ «ሰዓትሽን አየሽ?» አለችኝ። ምን እዋሻለሁ... «በትንሹ» አልኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ እጄ አየር ላይ ቀረ። ለካቦ፣ ለተቀደደ ሱሪ፣ ለሁሉም ምልክት ነበረን። ለይቅርታ አላወጣንለትም።

ነገ መጀመሪያ፦ ስኳሩን ይዤ ሄጄ ባለሱቁ ፊት አስመዝናለሁ። ሰዓቴን መሳቢያ ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ከዚያ ቀጭኔ መስኮት ሥር። ምልክቱን እኔ እጀምራለሁ፣ እሷ ታርመኛለች።