ለሚስኪ የተቀመጥኩት ለቅሶ

አሰላሙ አለይኩም መንታዬ ሚስኪ፤ የወራቤ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እዚህ ቆላው ኒውላንድ ሰፈር ሙቀቱን ችለን፣ አልሐምዱሊላህ፣ አለን። በስልክ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

የጡት ካንሰር ከዘር ይሁን ከኑሮ፣ መንትዮችን እያዩ የሚያጠኑ ሐኪሞች መጥተው መረመሩኝ። ሲጨርሱ የአንቺን ስልክ ቁጥር ጠየቁኝ። ያገኙብኝን ደውለው እንዳይነግሩሽ ብዬ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ሞታለች» አልኳቸው። ጎረቤቴ ሺታዬ ሰምታ ኖሮ፣ በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። እውነቱን ለመናገር አፍሬ አብሬያቸው አለቀስኩ። ለቅሶዬ ግን የምር ነበር።

ልጆች ሳለን ኩፍኝ እኔን ይዞኝ በሦስተኛው ቀን አንቺንም እንደያዘሽ ታስታውሻለሽ? ስትታጠቢ ግራ ጡትሽን ዳበስ አድርጊው፤ እንዲሁ ነው። ደህና ከሆንሽ ደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ለሺታዬ አሰማታለሁ፣ የመጣው ይምጣ።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ።

በቁምሽ ለቅሶ የተቀመጠችልሽ እህትሽ፣
ሪድዋና