እባቦቼን የማልልክልህ ምክንያት

ቱነይድባ የስደተኞች ሰፈር፣ ሱዳን፣ ሰኔ 1978 ዓ.ም.

ለልጄ አባት፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ፋው ላይ የእህል መኽዘን ጠባቂ ሆነ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ መቀመጥ ድሮም ይሆንልሃል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እባቦቹም ደህና ናቸው።

ደብዳቤህን ነጋዴው በድሩ አመጣልኝ። ሁለት ጊዜ አስነበብኩት፤ መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ፣ ቀጥሎ ልስቅበት። የመኽዘኑን የዱራ ማሽላ አይጥ ጨረሰው፣ አለቃዬ ሙዲሩ ሊያባርረኝ ነው፣ ሁለት እባብ ላኪልኝ ትላለህ። አንተ!

የሄድክበትን ቀን ላስታውስህ። ያን ሰሞን የሚታደለንን ዱራ አይጥ ከእኛ እኩል ይበላው ነበር። አባቴ መተማ ላይ በሰሊጥ ጎታው ያኖራቸው የነበሩትን ዓይነት፣ መርዝ የሌላቸውን አጫጭር ወፍራም እባቦች ከጥቁሩ አፈር ስንጥቅ አወጣሁ። የዘይት ቆርቆሮ ግማሹን አሸዋ ሞልቼ አኖርኳቸው። ጠይባ ኩፍኝ ይዟት ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። አንተ በር ላይ ቆመህ፣ «እባብ ካለበት ቤት አላድርም» አልክ። «ልጅቷስ?» ስልህ፣ «እሷማ ያለቀላት ናት» ብለህ ጋቢህን ትከሻህ ላይ ጣልክ። ድምፅህን እንኳ ዝቅ አላደረግህም። ትሰማህ ነበር።

በማግስቱ ስማቸው የሚባለው ጎረቤታችን ዱላ ይዞ ሊገድላቸው መጣ። «ሰይጣን ታረቢያለሽ» አለኝ። ከበሩ አልነቃነቅም አልኩት። ወር ሳይሞላ የእሱ ጆንያ ተበሳስቶ የእኔ ደህና ሆኖ ሲያይ፣ «እባክሽ አንዷን አውሺኝ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ መጣ። አዋስኩት። እሱ የምሩን ፈርቶ ነበር፣ ሲያፍርም የምሩን ነው ያፈረው። አንተ ግን እባብ ፈርተህ እንዳልሄድክ ሁላችንም እናውቃለን።

«አያያዛቸውን ጻፊልኝ» ብለሃል። ልጻፍልህ። ዓይናቸው ወተት ሲመስል ቆዳ ሊቀይሩ ነውና አይነኩም። ከበሉ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ይተዋሉ። የታመሙ እንደሆነ ደግሞ እስኪሻላቸው ከአጠገባቸው አይጠፋም። ይኼን አንተ አትችለውም። ስለዚህ አልልክም።

ስለ እባቦቹ ሁለት ገጽ ሙሉ ጠይቀሃል። ስለ ጠይባ አንድ ቃል የለም። መቃብሯ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅህም። በድሩም ምንም እንዳይነግርህ አደራ ብየዋለሁ።

አላህ ጤናህን ይስጥህ፣ አይጡንም ያንሳልህ። እዚህ ግን አትምጣ።

የልጅህ እናት

ይኼን ደብዳቤ እናቴ እየነገረችኝ የጻፍኩት እኔ ጠይባ ነኝ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ገብቻለሁ። ያን ቀን በር ላይ ቆመህ ያልከውን እናቴ ልትዘለው ነበር። እኔ ነኝ ይጻፍ ያልኩት።